ከሶባ እስከ ዐማራት፦ የካርቱም ጡብ ረጅም ጉዞ

በካርቱም ከተማ፣ ከባቡር ሐዲዱ በስተደቡብ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያውም በስተምዕራብ የሚገኘው የዐማራት ሰፈር በከተማዪቱ ለኖሩ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ስሙ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ሌላ ነገር ቢያስታውስም ምንጩ ዐረብኛ ነው፤ «ዒማራ» ባለ ፎቅ ሕንጻ ማለት ሲሆን «ዐማራት» ብዙ ቁጥሩ ነው። ሰፈሩ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ «አዲሱ ማስፋፊያ» በሚል መጠሪያ ተቀይሶ፣ ጎዳናዎቹ በቁጥር ተለይተው፣ ግቢያቸው ሰፊ የሆነ የቀይ ጡብ ቤቶች ተሠሩበት። ከ1999 ጀምሮ የሱዳን ነዳጅ ለውጭ ገበያ ሲቀርብና ገንዘብ ወደ ከተማዪቱ ሲገባ፣ ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ እየፈረሱ በምትካቸው የአርማታ ፎቆች ቆሙ። ሰፈሩ ስሙን በእርግጥ የመሰለው ያን ጊዜ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ድጋፍ ኃይሎች መካከል የተቀሰቀሰው ጦርነት ዐማራትን ያገኘው ገና ከጅምሩ ነው። ሰፈሩ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ የሚገኝ በመሆኑ ነዋሪው ወጣ፣ ቤቱ ተዘረፈ፣ ግንቡ በጥይትና በመድፍ ተበሳሳ። ከኢትዮጵያውያኑም ብዙዎቹ በገዳሪፍና በገላባት በኩል አድርገው መተማ ገቡ። ሠራዊቱ ከተማዪቱን መልሶ መያዙን በማርች 2025 ካስታወቀ ወዲህ ተፈናቃዮች ቀስ በቀስ መመለስ ጀምረዋል። የተመለሰው ሰው በብዙ ቦታ የተቀበለው ፍርስራሽ ነው።

ለዚህ ፍርስራሽ ምን ይደረግ? ከከተማ ውጭ ተጭኖ ይደፋና በምትኩ አዲስ ጡብ ይቃጠል፣ አዲስ ሲሚንቶ ይገዛ? ወይስ ከወደቀው ግንብ ውስጥ የሚነሣ፣ የሚጸዳና ዳግም የሚቆም ነገር አለ? በዘመናችን «ዑደታዊ ምጣኔ ሀብት» የሚባለው አስተሳሰብ ሁለተኛውን መንገድ ይመርጣል። በዚህ አስተሳሰብ መሠረት አንድ ዕቃ ተሠርቶ፣ አገልግሎ፣ ተጥሎ የሚቀር መሆን የለበትም፤ ሊጠገን የሚችለው ይጠገናል፣ ሊነሣ የሚችለው ሌላ ቦታ ይተከላል፣ የተሰበረው ተፈጭቶ ለአዲስ ሥራ ይውላል። ለግንባታ ዕቃ ጥቅሙ ድርብ ነው፤ አዲስ ዕቃ ለማምረት የሚነደው እሳት ስለሚቀር፣ ወደ አየር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብሮ ይቀንሳል። ስያሜው አዲስ ይሁን እንጂ ሥራው ለሁለቱ አባዮች መገናኛ አዲስ አይደለም። ካርቱም ራሷ ከሌላ ከተማ ፍርስራሽ የተሠራች ከተማ ናት።

የዒዛና ጽሑፍና የዐልዋ ጡብ

ስለዚህ አካባቢ የጡብ ግንባታ ከሚናገሩ ጥንታውያን ምስክሮች አንዱ የሚገኘው ሱዳን ውስጥ ሳይሆን አክሱም ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዒዛና በኖባ ሕዝብ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በግእዝ አስቀርጾ ትቶታል። ጽሑፉ በወንዙ ዳር ስለነበሩት ከተሞች ሲናገር በሁለት ይለያቸዋል፤ በጡብ የተሠሩ አሉ፣ በሣር የተሠሩም አሉ። በጡብ ከተሠሩት መካከል በስም ከተጠቀሱት አንዷ ዐልዋ ናት። የአክሱም ሰው ድንጋይ ጠርቦ መገንባት የለመደ ነበርና፣ ጡብ ለእርሱ የባዕድ አገር መለያ ሆኖ የታየው ይመስላል።

ከዘመናት በኋላ ዐልዋ በሚለው ስም የሚጠራ የክርስቲያን መንግሥት በዚሁ አገር ተመሠረተ። መዲናው ሶባ ነበረች፤ በጥቁር አባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከዛሬው ካርቱም ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ስትገኝ፣ ቤተ ክርስቲያኗም እንደ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ መንበር ሥር ነበረች። በአሥረኛው መቶ ዓመት ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ የተባለው የግብጽ መልእክተኛ ስለ ሶባ ሲጽፍ ያማሩ ሕንጻዎቿን፣ በወርቅ የበለጸጉ አብያተ ክርስቲያኖቿንና የአትክልት ቦታዎቿን አድንቋል። በ1520ዎቹ በዐፄ ልብነ ድንግል ግቢ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ፣ ከኖባ ምድር የመጡ ሰዎች ካህናት እንዲላኩላቸው ንጉሡን ሲለምኑ እንዳየ ጽፏል። ንጉሡ ግን እርሱ ራሱ ጳጳስ የሚያስመጣው ከእስክንድርያ መሆኑን ገልጾ አሰናበታቸው። ያን ጊዜ የሶባ ክብር አልፎ ነበር፤ አብያተ ክርስቲያኗ ወና ሆነው ቀይ ጡባቸው በሜዳው ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር።

ሶባ ፈርሳ ካርቱም ተሠራች

የግብጽ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ጦር ሱዳንን በ1821 ከያዘ በኋላ፣ በሁለቱ አባዮች መገናኛ የጦር ሰፈር ተመሠረተ። ካርቱም በመጀመሪያ የቆዳ ድንኳንና የሣር ጎጆ ነበረች። ከ1826 እስከ 1838 ያስተዳደረው ዓሊ ኹርሺድ ሕዝቡ በቆዳና በሣር መኖርን ትቶ በጡብና በእንጨት እንዲሠራ አደፋፈረ፤ መስጊድ፣ የጦር ሰፈርና የጀልባ መሥሪያም አቋቋመ። ጡብ በአንድ ጊዜ በብዛት ተፈለገ። ጡብ ለማቃጠል ጊዜ፣ እንጨትና ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ሶባ ላይ ግን ተቃጥሎ ያለቀ፣ መቶ ዓመታትን የተቋቋመ ጡብ በነጻ ተከምሮ ነበር። በወንዙ ቁልቁል በጀልባ መጫኑም ቀላል ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አካባቢውን የጎበኙ ተጓዦች የሶባ ጡብ ለካርቱም ቤቶች እየተጋዘ እንደነበር ጽፈዋል።

በዚያን ጊዜ ይህ ሥራ የተቻለበትን ምክንያት ልብ ማለት ይገባል። የጥንቱ ጡብ ከጡብ ጋር የተያያዘው በጭቃ ነበር። ጭቃ ግንቡን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲፈለግ ግን ጡቡን ሳይሰብር ይለቀዋል። ሠራተኛው ጡቡን ያነሣል፣ በእጁ ያራግፋል፣ ይጭናል። ለመለያየት የተመቸ ግንብ ሞቶም ይጠቅማል ማለት ነው። ዛሬ የዑደታዊ ግንባታ ሊቃውንት ሕንጻ ገና ሲነደፍ አፈራረሱም አብሮ ይታሰብ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ነገር ግን የሶባ ታሪክ ሌላ ገጽታም አለው። ፒተር ሺኒ በ1950 እና በ1952 መካከል፣ ከዚያም የብሪታንያ የምሥራቅ አፍሪካ ተቋም ባለሙያዎች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሶባ ቁፋሮ ሲያካሂዱ፣ ያገኙት ግንቡ ተነቅሎ የተወሰደበትን ቦታ ነበር። የታላላቆቹ አብያተ ክርስቲያን ቅርጽ የታወቀው በአብዛኛው ከቀረው መሠረትና ከጎደለው ግንብ ፈለግ ነው። አንድ ከተማ ሲሠራ የሌላ ከተማ ትዝታ ተከፍሎበታል።

ካርቱም ፈርሳ ኦምዱርማን ተሠራች

ዑደቱ በዚህ አልቆመም። ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ካርቱም በማህዲ ሠራዊት እጅ ወደቀች፤ ጄኔራል ጎርደንም ተገደለ። ማህዲ ራሱ በዚያው ዓመት በጁን ወር ሲሞት ሥልጣኑን የተረከበው ኸሊፋ ዐብዱላሂ ነበር፤ በ1889 በመተማ ዐፄ ዮሐንስ የወደቁት ከእርሱ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ነው። ኸሊፋው መዲናውን ከወንዙ ማዶ በኦምዱርማን አደረገ፤ በ1886ም የካርቱም ነዋሪ ከተማዪቱን ለቅቆ እንዲሻገር አዘዘ። ሰው ብቻ አልነበረም የተሻገረው። በሩ፣ መስኮቱ፣ የጣራው ወራጅና ጡቡ ሳይቀር እየተነቀለ በጀልባ ወደ ኦምዱርማን ተጋዘ። በ1887 እና በ1888 የተሠራው፣ ከ1928 ጀምሮ ደግሞ ሙዚየም የሆነው የኸሊፋው ቤት ከካርቱም የመጣ ዕቃ ከገባባቸው ሕንጻዎች አንዱ ነው።

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 በከረሪ ጦርነት የማህዲያ መንግሥት ሲወድቅ፣ ኪችነር ካርቱምን እንደገና ለማቆም ተነሣ። የገዥው ቤተ መንግሥት ጎርደን በተገደለበት በአሮጌው ቤተ መንግሥት ቦታ ላይ ቆመ። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ይኸው የግንባታ ዕቃ ወንዙን ተሻግሮ፣ ጌታ ቀይሮ፣ ስም ቀይሮ አገልግሏል። ይህ ሁሉ ግን በፈቃድ የሆነ አልነበረም። ሶባ የተወሰደችው ባለቤት ስላልነበራት፣ ካርቱም የተወሰደችው ባለቤቷ እንዲወጣ ስለተገደደ ነው። ለዛሬው ጥያቄ ይህ ልዩነት ከፍ ያለ ዋጋ አለው።

ጃሉስ

የመንግሥትና የነጋዴ ቤት በጡብ ሲሠራ፣ ሕዝቡ ግን የኖረው በጭቃ ቤት ነው። ሱዳናውያን «ጃሉስ» የሚሉት ግንብ ያለ ማገርና ያለ ቅርጽ ማውጫ፣ የተቦካ ጭቃ በእጅ እየተደረደረ በእርከን በእርከን የሚሠራ ነው። አንዱ እርከን ሲደርቅ ሌላው ይጨመርበታል። ከውጭ «ዚባላ» በሚባል ልስን ይለበሳል፤ ይህም የከብት እበት፣ ገለባና ጭቃ ተደባልቆ እንዲብላላ ከተተወ በኋላ የሚለጠፍ ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ ይታደሳል። ወፍራሙ ግንብ ቀን ሙቀቱን ከውጭ ይዞ ያስቀራል፤ በካርቱም ፀሐይ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ቤቱ ሲያረጅ ግንቡ ውኃ ይጠጣና ተመልሶ ይቦካል። ለእሳት የወጣ አንዲት እንጨት የለም፤ የካርቦን ልቀቱም ከምንም የሚቆጠር አይደለም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ የአገሩን የጭቃ ቤት ማስታወሱ አይቀርም። ቋሚውና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ምርጊቱ ጭቃና ጭድ የሆነው የአዲስ አበባ ቤት ሲፈርስ፣ ቆርቆሮው ለሌላ ጣራ፣ በሩና መስኮቱ ለሌላ ግድግዳ፣ እንጨቱ ለሌላ አጥር ሲውል ኖሯል። በየመንደሩ እየዞረ የሚጣራው ቁራሌውና የመርካቶው ምናለሽ ተራ የዚህ ሥርዓት እግርና እጅ ናቸው፤ ማንም በፖሊሲ ሳያዝዛቸው ያረጀውን ሰብስበው፣ ቀጥቅጠውና አቃንተው ወደ ሥራ ይመልሳሉ። በ2024 በኮሪደር ልማት ምክንያት ፒያሳ፣ ከዚያም ካዛንቺስ ሲፈርሱ የተነሣው ክርክር በአብዛኛው ስለ ነዋሪውና ስለ ቅርሱ ነበር። ስለ ዕቃው፣ ማለትም የተነሣው ድንጋይና እንጨት የት ይሂድ ስለሚለው፣ የተነገረው ጥቂት ነው።

ጃሉስ አንድ ብርቱ ጠላት አለው፤ እርሱም ውኃ ነው። በኦገስት 1988 በካርቱም ላይ የወረደው ዝናብና ተከትሎት የመጣው ጎርፍ እጅግ ብዙ የጭቃ ቤት አፈራርሶ ሕዝቡን ያለ መጠለያ አስቀረ። በ2020 ክረምት የናይል ከፍታ ከተመዘገበው ሁሉ ሲበልጥ ያው ጥፋት በሱዳን ተደገመ። ከእንዲህ ያለ ጥፋት በኋላ አቅም ያለው ሰው ወደ ቀይ ጡብ ፊቱን ቢያዞር የሚያስደንቅ አይደለም። ጭቃ የድህነት፣ ጡብ የመሻሻል ምልክት ሆኖ ተቆጠረ።

የአባይ ደለልና የጡቡ እቶን

ቀዩ ጡብ የሚሠራው ከወንዙ ነው። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት ግንዱን እንጂ አፈሩን አላነሣም፤ የጎጃምና የወሎ ተራሮች አፈር ግን በካርቱም ማደሪያ አግኝቶ ኖሯል። ጥቁር አባይ በየዓመቱ ከመቶ ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ከደጋው ያወርድ ነበር። ጎርፉ ሲጎድል በጀሬፍ፣ በሶባና በሌሎችም ዳርቻዎች የጡብ ሠራተኞች ይወርዳሉ። ደለሉን ይቆፍራሉ፣ ከከብት እበት ጋር አቡክተው ያሳድራሉ፣ በእንጨት ቅርጽ እየመቱ በፀሐይ ያደርቃሉ። ከዚያም ጡቡን ከሥሩ የእሳት መተላለፊያ ትተው እንደ ትልቅ ቤት ይከምሩታል፤ ውጭውን በጭቃ ይለስኑና እንጨት ይማግዱበታል። ቁልሉ ራሱ እቶን ነው፤ በሱዳን «ከሚና» ይባላል።

ከጡቡ ጋር የሚቦካው እበት ከውስጥ ስለሚነድ እንጨት ይቆጥባል። ይህም ቆሻሻ የሚባለውን ለማገዶ ያዋለ የቆየ ብልሃት ነው። ሆኖም የዚህ ዓይነቱ እቶን ሙቀት ያባክናል፤ ከዳር ያለው ጡብ ሳይበስል፣ ከእሳቱ አጠገብ ያለው ከመጠን በላይ በስሎ ይወጣል። ማገዶው በአብዛኛው ከግራርና ከመሰል ዛፎች የሚገኝ ነው። የተቆረጠው ደን መልሶ ከበቀለ የወጣውን ካርቦን ዛፉ ተመልሶ ይወስደዋል፤ ካልበቀለ ግን ጥፋቱ ሁለት ይሆናል፤ ጭሱ ወጥቷል፣ ጭሱን የሚስበውም ጠፍቷል። በ2009 በአንድ ዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት የሱዳንን የጡብ ሥራ ከደን መመናመንና ከሙቀት አማቂ ጋዞች ጋር አያይዞ የመረመረው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2008 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ስለ ዳርፉር ባወጣው ዘገባ፣ በጦርነቱ ጊዜ በከተሞቹ የተስፋፋው ግንባታ፣ የርዳታ ድርጅቶች የሚከራዩዋቸው ግቢዎች ጭምር፣ የጡብ እቶኖችን አብዝቶ ዛፉን እንዳስጨረሰ አመልክቷል። ከጦርነት በኋላ የሚመጣ ግንባታ ሌላ ጥፋት ሊያስከትል እንደሚችል ሱዳን ከራሷ ታሪክ ታውቃለች።

በዚህ ላይ የደለሉ ነገር አለ። በ2011 የተጀመረው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2020 ውኃ መያዝ ጀመረ፤ በሴፕቴምበር 2025 ተመረቀ። ግድብ ውኃን ሲይዝ ደለልንም ይይዛል። ለሱዳን የመስኖ ቦዮችና ለሮሴሬስ ግድብ ይህ እፎይታ ነው፤ በደለል መሞላት ለዘመናት ያስቸገራቸው ነገር ነበርና። ለካርቱም ጡብ ሠሪ ግን ጥሬ ዕቃው የሚቀንስበት ጊዜ መጣ ማለት ነው። ስጋቱን ገና በ2020 ለጋዜጠኞች ሲናገር ተሰምቷል። ስለ ግድቡ ያለው የፖለቲካ አቋም ምንም ይሁን ምን፣ ከወንዝ ዳር በነጻ የሚቆፈር አዲስ አፈር ለዘላለም አይኖርም፤ በግንብ ውስጥ ያለው ጡብ ዋጋም በዚያው መጠን ይጨምራል።

ሲሚንቶ የለወጠው ነገር

ሱዳን የራሷን ሲሚንቶ ማምረት የጀመረችው በአትባራ ሲሆን፣ ፋብሪካው የተቋቋመው በ1940ዎቹ ማብቂያ ነው። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአትባራና በበርበር አካባቢ ተጨማሪ ፋብሪካዎች ተተከሉ። ሲሚንቶ የአርማታውን ፎቅ አስቻለ፤ በጡብና በጡብ መካከል የነበረውንም ጭቃ ተካ።

የሲሚንቶ የካርቦን ጣጣ ከማገዶው ብቻ የሚመጣ አይደለም። የኖራ ድንጋይ 1450 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ እሳት ተቃጥሎ ክሊንከር ወደሚባለው መካከለኛ ምርት ሲለወጥ፣ ድንጋዩ ራሱ በውስጡ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከጠቅላላው ልቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከዚህ ነው፤ ስለዚህ እሳቱ በፀሐይ ኃይል ቢተካ እንኳ ይህኛው አይቀርም። በዓለም ላይ ከሰው ሥራ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህሉ የሲሚንቶ ድርሻ ነው።

በዐማራት ቤቶች ላይ ደግሞ ሲሚንቶ ሌላ ለውጥ አምጥቷል። በሲሚንቶ የተያያዘ ጡብ ሲፈርስ በመጋጠሚያው አይለቅም፤ ብዙ ጊዜ ጡቡ ራሱ ቀድሞ ይሰበራል። የሶባን ጡብ በእጅ አራግፎ የጫነ ሠራተኛ የዛሬውን ግንብ በመዶሻና በመሮ መታገል ይኖርበታል። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ቤት ከኋለኛው የአርማታ ፎቅ ይልቅ ለማንሣት ይቀላል፤ ሸክሙን የሚሸከመው ጡቡ ራሱ ስለሆነ በውስጡ ያለው ሙሉ ጡብ ብዙ ነው። ስለዚህ ፍርስራሽ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ምን ዓይነት ግንብ እንደወደቀ ሳይለዩ በአንድ ማሽን መዛቅ ሀብት መቅበር ነው።

የተሞከሩ መንገዶች

ሱዳን ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት የሞከረቻቸው መንገዶች አሉ። ከሁሉ የቆየው በሰናር ግድብ የታየው ነው። እንግሊዞች ግድቡን በ1925 ሲያጠናቅቁ፣ ከፖርትላንድ ሲሚንቶ ጋር የተፈጨ የተቃጠለ ሸክላ ደባልቀው ተጠቅመዋል። በበቂ ሙቀት የተቃጠለና የደቀቀ ሸክላ ከኖራ ጋር ሲገናኝ ይጠነክራል፤ ግብጻውያን «ሑምራ» ብለው ከጥንት ያውቁታል። ዛሬ በስዊዘርላንድ፣ በኩባና በሕንድ ተመራማሪዎች የዳበረው አዲሱ የሸክላና የኖራ ድንጋይ ሲሚንቶ ከዚሁ የቆየ እውቀት ጋር ዝምድና ያለው ሲሆን፣ የክሊንከሩን ግማሽ ያህል በመተካት ልቀቱን እስከ 40 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ይነገርለታል።

ሁለተኛው መንገድ የተጨመቀ የአፈር ጡብ ነው። በ1950ዎቹ በኮሎምቢያ ቦጎታ ቺሊያዊው መሐንዲስ ራውል ራሚሬዝ በእጅ የሚሠራ መጭመቂያ ፈለሰፈ። አፈሩ ከጥቂት ሲሚንቶ ወይም ኖራ ጋር ተደባልቆ በብርቱ ይጨመቃል፤ ከዚያም እርጥበቱ ሳይለየው በጥላ ሥር ይቆያል። እሳት የለውም። ውኃን ከጃሉስ ይልቅ ይቋቋማል፤ ማገዶ ግን አይጠይቅም። በካርቱም ሐጅ ዩሱፍ በዚህ ዘዴ ለሙከራ የተሠራው ትምህርት ቤት በባለሙያዎች ዘንድ ይታወቃል፤ ዩኔስኮም በ2001 ስለዚሁ ጡብ አሠራር በሱዳን ልምድ ላይ የተመሠረተ መጽሐፍ አሳትሟል። በዳርፉርም የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም ዛፍ ለማትረፍ ሲል ይህንኑ ጡብ አስተዋውቋል።

ዘዴው ጥሩ ሆኖ ሳለ በከተማው ግን ቀዩን ጡብ አልተካም። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። ግንበኛው የለመደው ቀዩን ጡብ ነው፤ አፈሩ በየቦታው ስለሚለያይ መፈተሽና መለካት ያስፈልገዋል፤ ከሁሉም በላይ የቤት ባለቤቱ ዓይን «አፈር» የሚለውን ስም ይፈራል። ደኑ የሚከፍለው ዋጋ በጡቡ ዋጋ ውስጥ እስካልተቆጠረ ድረስ፣ የተቃጠለው ርካሽ መስሎ ይታያል።

ፍርስራሽ ሀብት የሆነባቸው ከተሞች

በጦርነት የፈረሰች ከተማ ካርቱም የመጀመሪያዋ አይደለችም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በበርሊንና በሌሎችም የጀርመን ከተሞች ሴቶች በረድፍ ቆመው ጡቡን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ፣ በመዶሻ ልስኑን እየቀረፉ ለዳግም ግንባታ አዘጋጅተዋል። ሊነሣ ያልቻለው ተከምሮ ኮረብታ ሆነ፤ የበርሊኑ ቶይፍልስበርግ ከዚያ ፍርስራሽ የተሠራ ነው። በዋርሶ ደግሞ የተሰበረው ጡብ ተፈጭቶ ከሲሚንቶ ጋር እየተደባለቀ ብሎኬት ተሠራበት፤ ከአይሁድ ጌቶ ፍርስራሽ ላይ የቆመው የሙራኖቭ ሰፈር በ1940ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው በዚህ መንገድ ነበር።

በእነዚህ ከተሞች የተሠራው ሥራ ቅደም ተከተል ነበረው፤ ለካርቱምም ይኸው ቅደም ተከተል ይሠራል። መጀመሪያ ያልፈነዱ ጥይቶችና ፈንጂዎች በባለሙያ ይጸዳሉ፤ ያለዚህ ፍርስራሽ መንካት ሕይወት ማስያዝ ነው። በአሮጌ ጣራና ቧንቧ ውስጥ ሊኖር የሚችለው አስቤስቶስ ለብቻው ይለያል፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳልና አይፈጭም። ከዚያ በኋላ ሊጠገን የሚችለው ግንብ ይለያል፤ ከሁሉ ያነሰ ካርቦን የሚያስወጣው ቤት ሳይፈርስ የተጠገነው ቤት ነውና። ቀጥሎ ሙሉው ጡብ፣ በሩ፣ መስኮቱና ፌሮው ይነሣል። የተሰበረው ጡብና አርማታ ለመንገድ መሠረት፣ ለወለል ሙሌት፣ ብዙ ሸክም ለማይጣልበት ብሎኬት ይፈጫል። በመጨረሻ የቀረው ብቻ ይደፋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መጀመሪያ ይደፋል፣ ኋላ ይታሰባል።

ጡቡ የማን ነው?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የእጅ ሥራ ጥያቄ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ በካርቱም ከየግድግዳው የመዳብ ሽቦ ተነቅሎ፣ ከየቤቱ ዕቃው ተጭኖ ገበያ ወጥቷል። ዕቃው ዳግም በሥራ ላይ መዋሉን ብቻ የሚመለከት ሰው ይህንንም «ዑደት» ሊለው ይችል ይሆናል። ባለቤቱ ግን በካይሮ፣ በአዲስ አበባ ወይም በመተማ ሆኖ የሚያውቀው ቤቱ መዘረፉን ነው። በ1886 የተነቀለው የካርቱም በር በኦምዱርማን ቤት ላይ ቢያገለግልም የነቃዩን ግፍ አላስቀረም።

ስለዚህ ለካርቱም ፍርስራሽ የሚወጣ ማንኛውም ሥርዓት ከመፍጫው ማሽን በፊት መዝገብ ያስፈልገዋል። የወደቀው ቤት ይመዘገባል፣ የሚነሣው ዕቃ ይቆጠራል፣ ያልተመለሰው ባለቤት ድርሻው ይጠበቅለታል። ተከራዩም ሊረሳ አይገባም። በዐማራትና በአጎራባቹ ዴም ከጦርነቱ በፊት ከኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ተከራዮች ነበሩ፤ የግንቡ ባለቤት አይደሉም፣ በግንቡ ውስጥ የነበረው ዕቃ ግን የእነርሱ ነበር። የቀን ሠራተኛው፣ ግንበኛውና የጡብ ሠሪውም እንጀራ በዚህ ላይ ተንጠልጥሏል። እቶኑ ሲቀንስ ሥራው የሚቀርበት ሰው፣ ጡብ በማንሣት፣ በማጽዳትና የአፈር ጡብ በመጭመቅ ሌላ ሥራ ካላገኘ ደኑን ጠብቅ ቢሉት አይሰማም፤ መስማትም አይችልም።

ዛሬ በዐማራት ጎዳናዎች ላይ የተከመረው ቀይ ጡብ ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ አፈር፣ ከሱዳን ደን የተቆረጠ እንጨትና የብዙ ሠራተኛ ድካም አንድ ላይ የተያዘበት ዕቃ ነው። እንጨቱ አንድ ጊዜ ነድዷል፤ ጭሱም አንድ ጊዜ ወጥቷል። ያንኑ ግንብ ለማቆም ሁለተኛ ጊዜ እንዲነድድ ማድረግ ወይም አለማድረግ የሚወሰነው ጫኝ መኪናዎቹ ፍርስራሹን አንሥተው ከመጨረሳቸው በፊት ነው።